ለአይብና ለለስላሳ ቺዝ የሚሆን እንጨት ከየት ይምጣ?

(ባሕር ዳር ላይ በቤታቸው አይብና ቺዝ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ከቤት መውጣት ቀላል አይደለም። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት የእንጨት ሣጥን የት እንደሚገኝ ለመስማት ነው። እሱን እነግራችኋለሁ። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ቅር እንዳይላችሁ። አይብ በቀጥታ እንጨት ላይ አይቀመጥም።

አይባችን ከሦስት አራተኛው በላይ ውሃ ነው። ቅቤው ወጥቶ፣ አሬራው ሞቆ፣ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ቢያድር እንኳ በማግስቱ አጓት ማውጣቱን አይተውም። እንጨት ደግሞ ያገኘውን ይጠጣል። አጓቱን የጠጣ ሣጥን መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይሻግታል። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሙቀታችን 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ይህ ሁሉ ብዙ ቀን አይፈጅም።

«ታዲያ ለምን ተሰበሰብን?» ትሉ ይሆናል።

የተሰበሰብነው ከመካከላችሁ አይብ ብቻ የማይሠሩ ስላሉ ነው። ወተቱን ሬኔት በሚባል ማርጊያ አርግተው፣ በቅርጽ አፍስሰው፣ ጨው አድርገው፣ ላዩ ነጭ ሻጋታ እስኪለብስ በቀዝቃዛ ቦታ የሚያቆዩ አሉ። ይህ ቺዝ ቆዳ አለው፤ ይተነፍሳል። በላስቲክ ካፈናችሁት ያልበዋል፤ ሲከፈት የአሞኒያ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ደግሞ ጠርዙ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስስ እንጨት በሁለቱ መካከል ነው። እርጥበቱን ቀስ ብሎ ያስወጣል እንጂ በአንዴ አይለቀውም። ሣጥኑ የተፈጠረው ለዚህ ቺዝ ነው።

ይህን ቺዝ እኔ የምወደው በጣዕሙ ብቻ አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ወተት ገዢ ያጣል። ላሟ ግን ጾም አታውቅም። እስከ ዛሬ መፍትሔያችን ቅቤ ነበር፤ መልካም መፍትሔ ነው። አሁን ሌላም አለ። እንዲህ ያለ ቺዝ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በደብረ ዘይት የጀመራችሁት ለፋሲካ ይደርሳል። ለፋሲካ የሚደርስ ቺዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለስጦታ የሚገዛ ነው። ስጦታ ማሸጊያ ይፈልጋል። በፌስታል አንጠልጥሎ ስጦታ መስጠት ያሳፍራል። በዚያ ላይ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ነገሩ የቅንጦት ብቻ አይደለም።

ፈረንጆቹ እንዴት እንደጀመሩት ባጭሩ ልንገራችሁ። ካማምቤር የሚባለው የፈረንሳይ፣ የኖርማንዲ ቺዝ ቀድሞ ጭድ ላይ ተደርድሮ ነበር ገበያ የሚሄደው። ለስላሳ ስለሆነ ሩቅ መንገድ አይችልም፤ ይጨፈለቃል። በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ሪዴል የተባለ መሐንዲስ ከስስ የፖፕላር እንጨት ክብ ሣጥን ሠራለት። ከዚያ በኋላ ባቡር ላይ፣ ቀጥሎም መርከብ ላይ ወጣ፤ ውቅያኖስ ተሻገረ። ቺዙ ያው ነው። የተለወጠው ሣጥኑ ነው።

ፖፕላር ለምን ተመረጠ? ቀላል ነው፣ ሙጫ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ሲላጥ በስሱ ይወጣል። እኔ ዝም የሚል እንጨት እለዋለሁ። ቺዙ ሲናገር እሱ አፉን አይከፍትም።

የሚናገር እንጨትም አለ። በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ ድንበር፣ ዡራ ተራሮች ላይ፣ ሞን ዶር የሚባል ቺዝ ይሠራሉ። ወገቡን በስፕሩስ ዛፍ ልጥ ያስሩታል። ከዚያ ከራሱ ትንሽ በሚጠብ የስፕሩስ ሣጥን ይከቱታል፤ ላዩ የሚሸበሸበው ስለዚህ ነው። ልጡ ጣዕሙን ለቺዙ ይሰጣል። ሰው የሚገዛውም ያን ጣዕም ፈልጎ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የወተት ዕቃ በወይራ የምናጥነው ለምንድን ነው? ጭሱ ዕቃውን ያጸዳል፣ ወተቱንም ያጣፍጣል። በወይራ ያልታጠነ ቅል የወተት ቅል አይባልም።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንውረድ።

ባሕር ዳር ውስጥ እንጨት መሸጫ ብትገቡ የሚቀርብላችሁ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶና ቺፑድ ነው። ኮምፔንሳቶው ስስ ስለሆነ ዓይናችሁ እሱ ላይ ይወድቃል። ተዉት። የተጣበቀው በኮላ ነው፤ በብዙዎቹ ኮላዎች ውስጥ ፎርማልዲሃይድ አለ። እርጥብና ጎምዛዛ ምግብ አጠገብ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ቺፑድማ ከነአካቴው አይነሣ።

ሌላው ፈተና ፓሌት፣ ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ነው። በርካሽ ይገኛል፣ ሲላግም ያምራል። ከውጭ የመጣ ፓሌት ላይ ማኅተም አለ። «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው። «ኤም ቢ» የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው። ኤም ቢ ካያችሁ ለማገዶም አትውሰዱት። ኤች ቲ ቢሆንስ? ማኅተሙ ምን እንደተጫነበት አይነግራችሁም። ማዳበሪያ ይሁን፣ ቀለም ይሁን፣ ፀረ ተባይ ይሁን ማን ያውቃል? እኔ ለመደርደሪያ እወስደዋለሁ። ለምግብ አልወስደውም።

ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ ርካሽም ነው። ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ይከብዳል። ለውጭ ሣጥን፣ ማንጎና ቲማቲም እንደሚጫንበት ዓይነት፣ ምንም አይልም። ሃያ ትንንሽ ቺዝ ደርድራችሁ ለመላክ ጥሩ ነው። ቺዙን እንዲነካ ግን አልፈቅድም። ጽድ ሽታው ኃይለኛ ነው። ለልብስ ሣጥን ይሁን፤ ቺዝ ውስጥ ከገባ ከቺዙ በላይ የሚሰማው እሱ ነው።

ዋንዛ ሲባል ሁላችሁም ነቅነቅ አላችሁ። አውቃለሁ። ከበሮው፣ ገበታው፣ ሙቀጫው ዋንዛ ነው። አባቶቻችን ምግብ ያቀረቡበት እንጨት ነው፤ ለሥራ ይመቻል፣ ሽታውም አያስቸግርም። እንጨቱ ተስማሚ ነው። አመጣጡ ነው የሚያሳስበኝ። ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በሕግ ጥበቃ የተደረገለት አገር በቀል ዛፍ ነው። ሰው ከግቢው የወደቀ ዛፍ ቢኖረው፣ ወይም ፈቃድ ያለው አናጺ ከቤት ዕቃ የተረፈ ቁራጭ ቢሰጣችሁ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ለቺዝ ብላችሁ ዋንዛ አታስቆርጡ። ከጣና ዳሩ የዘጌ ደን ማስቆረጥ ደግሞ አይታሰብም። ያ ደን ዛሬ ድረስ የቆየው በገዳማቱ ጥበቃ ነው።

አናጺ ቤት የሚያጋጥማችሁን ችግርም ልናገር። አናጺዎች ካላችሁ ይቅር በሉኝ። የካማምቤር ሣጥን ጎን ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የእኛ አናጺ ያን የሚያወጣው በክብ መጋዝ ነው። መጋዙ ራሱ ሦስት ሚሊ ሜትር ይበላል። ሁለት ሚሊ ሜትር ልታገኙ ሦስት ሚሊ ሜትር ሰጋቱራ ታደርጋላችሁ። ከግማሽ በላይ የሆነው እንጨት መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። ዋጋውን የከፈላችሁት ግን ለሙሉው ነው። ፈረንሳዮቹ ግንዱን እያሽከረከሩ በረጅም ቢላዋ ይልጡታል፤ ሰጋቱራ የለም ማለት ይቻላል። ያን ማሽን ለቺዝ ብሎ የሚያመጣ ሰው እስኪገኝ ድረስ የእነሱን ሣጥን በመጋዝ ለመኮረጅ መሞከር ኪሳራ ነው።

እና የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በመጋዝ የሚቆረጥ እንጨት ሳይሆን በቢላዋ የሚሰነጠቅ ነገር ፈልጉ። እሱን ደግሞ ሠሪዎቹ አሉን። ከእኛ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ እንጅባራ፣ አዊ ውስጥ።

በአዲስ አበባ መንገድ የሄደ ሰው አይቷል። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ ቅርጫት ይደረደራል። የአዊ ደጋ ቀርከሃ ነው። እነዚህ ሰዎች ቀርከሃውን ይዘው በቢላዋ ሲሰነጥቁት ወረቀት የመሰለ ስስ ያወጣሉ። ሰጋቱራ የለም፣ ኮላ የለም፣ ሚስማር የለም። እኛ አናጺውን ስንለምን የምንውለውን እነሱ እያወሩ ይሠሩታል።

ቀርከሃ በሁለት መንገድ ያገለግላችኋል። አንደኛው ከግንዱ ራሱ ነው። ቀርከሃ አንጓ አለው፤ አንጓው ሙሉ ግድግዳ ነው። ከአንጓው ሥር ብትቆርጡት መቀመጫው ራሱ የሠራው ኩባያ ታገኛላችሁ። አልተጣበቀም፣ አልተመታም። ወፍራም ግንድ ከተገኘ መዳፍ የሚሞላ ትንሽ ቺዝ ይይዛል። በውስጥ በኩል እንደ ወረቀት ያለ ስስ ሽፋን አለው፤ እሱ በደንብ ይፋቅ። ካልተፋቀ ሻጋታ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው።

ሁለተኛው የተሰነጠቀውን ክብ አጥፎ መሥራት ነው። ጎኑ አንድ ረዥም ስንጥቅ፣ ታቹና ክዳኑ የተሠራ። ለትልቁ ቺዝ ይህ ይሻላል። ካማምቤር 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ 250 ግራም ክብደት አለው። እንዲህ ያለ ሰፊ ቀርከሃ አታገኙም።

ስታዙ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ሥዕል ይዛችሁ አትሂዱ፤ የደረሰ ቺዝ፣ ወይም እሱን የሚያክል ነገር ይዛችሁ ሂዱ። የደረሰ ነው ያልኩት። ቺዝ ሲበስል ይኮማተራል፣ ውሃው ይወጣል። በማፍሰሻው ቅርጽ ልክ ያሠራችሁት ሣጥን ውስጥ ቺዙ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሌላው፣ ቀርከሃው ቢያንስ የሦስት ዓመት ይሁን። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል። እንዲቆረጥም የምትጠይቁት ከክረምት በፊት ነው፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው በክረምት ስለሆነ ያኔ መቁረጥ ተክሉን ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ፦ ቬርኒሽ የለም፣ ቀለም የለም፣ ፀረ ምስጥ የለም። ሠሪው ደግ አስቦ ነው የሚቀባላችሁ። እንዲያብረቀርቅ። ወንበር የሚገዛ ሰው የሚወደው እሱን ነዋ። ካልነገራችሁት ምን ያውቃል?

መንገዱ ሲዘጋ ምን ይደረግ? የሁላችንም ጭንቀት ነው። መልሱ አንድ ነው፤ መንገድ ሲከፈት ለወራት የሚበቃ ማምጣት። ሣጥን እንደ ወተት አይበላሽም፣ በደንብ ከደረቀ።

«በደንብ ከደረቀ» ያልኩትን ላስረዳ። የመጣላችሁን ሣጥን መጀመሪያ ቀቅሉት። ቀርከሃ ውስጥ ነቀዝ የሚወደው ስታርች አለ፤ መቀቀሉ ያን ይቀንሳል፣ ተባዩንም ይገድላል። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም። ስለዚህ አትቸኩሉ፤ ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይሰጣ። ፀሐይ ላይ ከሰጣችሁት ይሰነጠቃል። በረኪና አትጠቀሙ። እንጨት በረኪናውን ይመጠውና ሽታውን ለቺዙ ያስተላልፋል።

መድረቁን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አንዱን ሣጥን ክዳን ባለው ደረቅ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት መስታወቱ ላይ ጠል ካያችሁ ገና ነው። ክረምት ላይ በዚህ መንገድ ብዙ ሣጥን ይድናል።

ያለቀውን ደግሞ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከበርበሬ፣ ከቡና፣ ከጋዝ አርቃችሁ አስቀምጡ። በወይራ ማጠን የፈለገ ያጥን። ግን ቺዙ የወይራ ጣዕም እንደሚይዝ አውቆ ይግባበት። እኔ ለነጩ ቺዝ አልመርጠውም፤ ለጨዋማው ግን ይስማማል።

አሁን ሽፋኑ። ቺዙ ከሣጥኑ ጋር ራቁቱን አይገናኝም። የመጋገሪያ ወረቀት ይበቃዋል። አይብ ለምትሸጡ ግን ከቅጠል የተሻለ የለም። በከተማችን የሙዝ ቅጠል ሞልቷል፤ ኮባ ያለውም ኮባ። ያልተቀደደ ቅጠል ታጥቦ እሳት ላይ እልፍ ይደረጋል። ሲያብረቀርቅና ሲለሰልስ ይነሣል። ከዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል የሚል ሥጋት የለም። አይቡን ሙሉ በሙሉ ጠቅልላችሁ በቀርከሃው ውስጥ ብታስቀምጡት አጓቱ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። በፈረንሳይ፣ ፕሮቨንስ ውስጥ ባኖን የሚባለውን የፍየል ቺዝ በቼስትነት ዛፍ ቅጠል ጠቅልለው ራፊያ በሚባል የዘንባባ ቃጫ ያስሩታል። እነሱ የሚኮሩበት ነገር ነው። እኛ ቅቤና አይብ በቅጠል ስንሸጥ ግን ኋላ ቀርነት ይመስለናል።

ስለ ወተቱም አንድ ቃል። ያማረ ሣጥን የታመመ ወተት አያድንም። አሬራ የምናሞቅበት ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ነው፤ ይህ ከወተት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ብሩሴላ የተባለ ባክቴሪያ አይገድልም። ወተቱን ከማርጋታችሁ በፊት በ63 ዲግሪ 30 ደቂቃ አቆዩት። ቴርሞሜትር ግዙ። ከሣጥኑ በፊት እሱን ግዙ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተጠየቀ። የተወሰኑትን ልጻፍ።

አንዲት እናት ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እኛ ቅቤውን በቅል፣ አይቡን በቅጠል እያልን ኖርን። ታዲያ ይኼ ሣጥን ለፈረንጅ ነው ለእኛ?»

እማማ፣ ለሰፈር ገበያ ምንም አያስፈልግዎትም አልኋቸው። ማለዳ የወጣ አይብ ከሰዓት በፊት የሚያልቅ ከሆነ ቅጠሉ ይበቃል። ሣጥኑ ከመንገድ ጋር ለሚሄድ፣ ሆቴል ለሚገባ፣ ለስጦታ ለሚሰጥ ነው። እሳቸውም «እንዲያ ከሆነ ቅጠሌን አልተውም» ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ ሳቀ።

አንድ ወጣት ስለ ደንገል ጠየቀ። ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች እጅ ያለውን ሙያ እናውቃለን፤ ትናንሽ ታንኳዎችም ለእንግዳ ይሸጣሉ። ደንገል ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ እርጥበት ይስባል። ቺዙን መንካት የለበትም። ከላይ ለሚለበስ፣ ለበዓል ቅርጫት ግን እጅግ ያምራል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደንገሉም እየሳሳ ነው። ስለዚህ ከሠሪዎቹ ተገዝቶ በልኩ ይሁን።

«እምቦጩንስ? እሱ ቢያልቅ ማን ይጠላል!» አለ ሌላው። እኔም አልጠላም። ግን እምቦጭ ከውሃው ውስጥ ከባድ ብረቶችን ይሰበስባል። ምንጣፍ ይሠራ፣ ወንበር ይሠራ። ምግብ አጠገብ አይምጣ።

አንዲት ልጅ ደግሞ ይህን አለች፦ «ፈረንጆቹ ራሳቸው እንጨት ንጹሕ አይደለም ይሉ የለ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ቺዝ በእንጨት ጣውላ ላይ ማቆየትን የሚነቅፍ አስተያየት ሰጥቶ ነበር። ቺዝ ሠሪዎቹ ተነሡበት። በቀናት ውስጥ አለዘበው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በደንብ በተያዘ እንጨት ላይ የሚኖሩት የወተት ባክቴሪያዎች ሊስቴሪያን የመሰሉትን ክፉዎች ይጫኗቸዋል። በደንብ ባልተያዘው ላይ ግን ክፉዎቹ ይመቻቸዋል። ስለዚህ ሣጥን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ውጭ መላክ የሚያስብም ነበረ። ሩቅ ማሰብ አይከፋም። የእንጨት ማሸጊያ ድንበር ሲሻገር ውስጡ 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት የሚል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። ሙሉ በሙሉ ከስድስት ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ስስ እንጨት የተሠራ ግን ከዚህ ነጻ ነው። ስስነት እዚህም ይጠቅማል። ቺዙን ራሱን የሚመለከተው ሕግ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን።

በመጨረሻ ለሆቴል የምታቀርብ እህት ጠየቀችኝ፦ «ሆቴሉ ባዶውን ሣጥን ሰብስቦ ቢመልስልኝ ወጪዬ አይቀንስም?» አይመለስ አልኋት። ሆቴሉ ጨው ያስቀምጥበት፣ ሚጥሚጣ ያስቀምጥበት፣ ቺዙን ያዘዘው እንግዳ ይዞት ይሂድ። ወጪ መቀነስ ከፈለግሽ ሠሪውን በቀርከሃ ቁጥር አትክፈዪው፤ ታቹም ክዳኑም ገጥሞ ባለቀው ሣጥን ልክ ተስማሚ። የተሰነጠቀውና ያልገጠመው ያኔ በእሱ ይሆናል፤ እሱም ቀርከሃውን መርጦ ይቆርጣል።